ገለባዋና ጭነቱ፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ፍቺና አገባብ ከሰሜን ወሎ ሲታይ

ፈሊጥ ማለት የተሠራባቸው ቃላት አንድ በአንድ ሲፈቱ ከሚሰጡት ትርጉም ወጥቶ ሌላ ትርጉም የያዘ፣ የቋንቋው ተናጋሪዎችም ተስማምተው እንደ አንድ ቃል የሚገለገሉበት የቃላት ቅንጅት ነው። «ቅስሙ ተሰበረ» ሲባል የተሰበረ አጥንት እንደሌለ፣ «ሆድ ይፍጀው» ሲባልም ሆድ የሚፈጀው እህል ሳይሆን ሳይነገር የሚቀር በደል እንደሆነ አማርኛን ከእናቱ ጉልበት ሥር የለመደ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቋንቋውን ከመጽሐፍ የሚማር ሰው ግን ቃላቱን ሁሉ አውቆም ነገሩ ሊያመልጠው ይችላል። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» በሚል ርእስ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ማዘጋጀታቸው፣ ፈሊጥ በተራ መዝገበ ቃላት ብቻ የማይዳረስ የቋንቋ ክፍል መሆኑን ያሳያል።

በወልድያ ወይም በሐብሩ ወረዳ ከተሞች በመርሳ፣ በውርጌሳና በግራና የሚማር ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለሚከታተል፣ የባዕድ ቋንቋ ፈሊጦች ሳይጠራቸው ይመጡበታል። ከእነዚህ አንዱ «ዘ ላስት ስትሮው» የሚለው ነው፤ ቃል በቃል «የመጨረሻዋ ገለባ» ማለት ሲሆን፣ ሲሟላ ደግሞ «የግመሉን ጀርባ የሰበረችው ገለባ» ይሆናል። ግመል ላይ ጭነት እየተደራረበ ይሄድና አቅሙ ጫፍ ሲደርስ፣ ከዚያ በኋላ የተጨመረች አንዲት ገለባ ጀርባውን ትሰብረዋለች የሚል ሥዕል ይዟል። ፈሊጡ የሚነገረው አንድ ሰው፣ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ሕዝብ ብዙ ነገር ችሎ ችሎ፣ ለብቻዋ ብትመጣ ከቁጥር በማትገባ ነገር ትዕግሥቱ ሲያልቅ ነው። እንግዲህ በአነጋገሩ ውስጥ ስሟ የሚጠራው ገለባዋ ብትሆንም፣ ነገሩ ያለው ቀድሞ በተከመረው ጭነት ላይ ነው፤ ይህን አጥርቶ ለመረዳት ደግሞ ግመል ዛሬም የሚጫንበት፣ ከባድ ጭነት ምን እንደሚያደርግም ከገዛ ታሪኩ የሚያውቀው የሰሜን ወሎ ምድር ከብዙ አገር የተሻለ መመልከቻ ነው።

ፈሊጡ በአግባቡ የገባ የሚባለው ቀደም ሲል የተከማቸ ነገር ሲኖር፣ የመጨረሻው ነገር ሲያንስ፣ ከእርሱም በኋላ ወደ ኋላ የማይመለስ ውሳኔ ወይም ስብራት ሲከተል ነው። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ኪራይ በየጊዜው ሲጨመር፣ ውሃ ሲዘጋ ዝም ያለ ተከራይ፣ አንድ ምሽት «መብራት በጊዜ አጥፉ» ተብሎ ሲነገረው በማግሥቱ ዕቃውን ሸክፎ ቢወጣ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የመብራቱን ነገር «ዘ ላስት ስትሮው» ይለዋል። ቤቱን በአንድ ሌሊት ጎርፍ የወሰደበት ሰው ግን በዚህ ፈሊጥ ሊናገር አይችልም፤ ጎርፍ በራሱ ሙሉ ጭነት እንጂ ገለባ አይደለምና። የመጀመሪያውን ቅሬታም በዚህ ስም መጥራት ስሕተት ነው፤ ከኋላው ምንም ሳይኖር «የመጨረሻዋ» የምትባል ነገር የለችም። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ሲሆን፣ «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘው ማናቸውንም መደምደሚያ፣ ለምሳሌ የዓመቱን የመጨረሻ ፈተና፣ በዚህ ፈሊጥ ሲጠሩ ይገኛሉ።

ፈሊጥ ደግሞ እንደ ተረገጠ መንገድ ነው፤ ከመስመሩ መውጣት አይወድም። «ላስት» በሚለው ቃል ፈንታ «ፋይናል» ማለት የተለመደ ሲሆን፣ ገለባዋን በሣር ወይም በእንጨት መለወጥ ግን አነጋገሩን ያፈርሰዋል፤ ገለባዋም ምንጊዜም አንዲት ናት። እንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ሌሎች ፈሊጦችም ሠርቶበታል፤ በውሃ የሚወሰድ ሰው ገለባ ሲጨብጥ የሚያሳየው አነጋገር ከንቱ ተስፋን፣ አጭሯን ገለባ መምዘዝ የሚለው ደግሞ ክፉ ዕጣ መውጣትን ይገልጻሉ። ሦስቱም በገለባ ቢመሳሰሉም ፍቺያቸው አይገናኝምና አንዱን በሌላው ቦታ ማግባት አይገባም።

እዚህ ላይ «ስትሮው» የሚለው ቃል ራሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ጥቂት ሊቆምበት የሚገባ ጉዳይ ያነሣል፤ በአውድማ ለሚውል ሕዝብ የእህል ተረፈ ነገር አንድ ስም ብቻ የለውምና። እህሉ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ነፋስ የሚወስደው ብናኝ እብቅ ነው፤ የጤፉ ደቃቅ አገዳ ተሰብስቦ ለከብት የሚቀርበው፣ ከጭቃም ጋር ተቦክቶ ግድግዳ የሚለሰንበት ጭድ ነው፤ የስንዴና የገብሱ ገለባ ይባላል፤ የማሽላው ደግሞ አገዳ ነው። ሐብሩ የማሽላ አገር ነው፤ በወረዳው ውስጥ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ የደከመበት ሰብልም ማሽላ ነው፤ በመኸር ጊዜ ከመርሳ በታች ባለው ቆላ በግመል ጀርባ ላይ የሚታየውም ይኸው የማሽላ አገዳ ነው። እንግሊዝኛው «ስትሮው» ሲል ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየች፣ ተለይታ የምትቆጠር አንዲት ቀጭን የእህል አገዳ ማለቱ ነው።

ለዚህች ነጠላ ነገር አማርኛ የተዋበ ቃል አለው፤ ሰበዝ ይባላል። ሰበዝ ለመሶብና ለሌማት ስፌት ከሚውለው የሣር አገዳ አንዷ ዘለላ ናት። «ገለባ» የሚለው ቃል በአማርኛ ጆሮ ቀላልነትን ብቻ ሳይሆን ፍሬ ቢስነትንም ስለሚያሰማ፣ ማለትም የተወቃና ዋጋ የሌለው ነገር ስለሚመስል፣ በትክክለኛነት ቢመዘን ሰበዝ ይበልጣል፤ ሆኖም ሰበዝ የራሱ ፈሊጥ ስላለው ለሌላ አይውልም። ከሰፊ ጉዳይ አንዱን ነጥብ ለይቶ መናገር በአማርኛ «አንድ ሰበዝ መዘዘ» ይባላል። ሁለቱ ቋንቋዎች አንዲቷን ዘለላ ይዘው በተቃራኒ መንገድ መሄዳቸው ያስደንቃል፤ እንግሊዝኛው በብዙ ላይ አንዲት ይጨምራል፣ አማርኛው ከብዙ መካከል አንዲት ይመዝዛል፤ እንግሊዝኛው በጭነት ያስባል፣ አማርኛው በስፌት ያስባል። በዚህ ምክንያት ለፈሊጡ ትርጉም «ገለባ» የሚለው ቃል ቢመረጥ፣ ፍጹም ባይሆንም፣ ተገቢ ነው።

የአነጋገሩ ታሪክ ከራሱ ከፈሊጡ ያላነሰ ያስተምራል። እንግሊዝ የግመል አገር አይደለችም፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዞች አፍ የነበረው እንስሳም ግመል ሳይሆን ፈረስ፣ የሚሰብረውም ገለባ ሳይሆን ላባ ነበር። በ1650ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ፈላስፋው ቶማስ ሆብስና ጳጳሱ ጆን ብራምሆል የሰው ፈቃድ ነጻ ነው ወይስ አስቀድሞ በነበሩ ምክንያቶች የታሰረ ነው በሚል ሲከራከሩ ይህ ምሳሌ ተነሥቷል። ሆብስ የሰው የመጨረሻ ሐሳብ ሥራውን ያመጣዋል የሚባለው፣ የመጨረሻዋ ላባ የፈረሱን ጀርባ ሰበረች እንደሚባለው ያለ መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ ይህም የሚሆነው ሌሎቹ ላባዎች ቀድመው ተጭነው የጎደለችው እርሷ ብቻ ስትሆን ነው የሚል ማሰሪያ አኑሮበታል። ይህ ማሰሪያ እጅግ ተፈላጊ ነው፤ በፈሊጡ ጥንታዊ መልክ ጭነቱ አልተረሳም ነበርና። ቻርልስ ዲከንስም በ1848 ተጠናቅቆ በወጣው «ዶምቤይና ልጁ» በተባለው ልብ ወለዱ የገለባዋንና የግመሉን ምሳሌ ሲያነሣ፣ ግመሉ የተጫነ መሆኑን የሚገልጽ ቃል አብሮ አስገብቷል። ዘመን ሲያልፍ ግን አነጋገሩ እያጠረ ሄደ፤ መጀመሪያ ጭነቱ ከአፍ ወጣ፣ ቀጥሎ ግመሉ ወጣ፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ የምትሰማው «የመጨረሻዋ ገለባ» ብቻዋን ናት። ምህጻረ ነገር ለተናጋሪ ቢመችም እዚህ ላይ የጠፋው ጌጥ ሳይሆን የነገሩ ሥር ነው።

ሌሎች ሕዝቦችም ይህንኑ ሐሳብ በየራሳቸው ዕቃ ሰፍረውታል። ሮማዊው ሴኔካ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የውሃ ሰዓትን፣ ማለትም ውሃ ቀስ በቀስ እየፈሰሰለት ጊዜ የሚለካበትን ዕቃ፣ ምሳሌ አድርጎ፣ ዕቃውን ባዶ የሚያደርገው የመጨረሻው ጠብታ ሳይሆን ከዚያ በፊት የፈሰሰው ሁሉ ነው ሲል አስተምሯል። ፈረንሳዮች ዕቃውን ሞልቶ ስላፈሰሰው ጠብታ፣ ጀርመኖችም በርሜሉን ስላፈሰሰው ጠብታ ይናገራሉ። አረብኛ ግን ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ሆኖ የግመሉን ጀርባ ስለ ሰበረችው ገለባ ይናገራል፤ በወሎ ሸሆች ዘንድ አረብኛ ለተማረ ደረሳ ይህ አነጋገር በእንግሊዝኛ መምህሩ አፍ ሲመጣ እንግዳ አይሆንበትም።

ግመል በመርፌ ቀዳዳ ስለ ማለፉ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈ ሁሉ፣ በቁርኣንም በሰባተኛው ሱራ በአል አዕራፍ የግመልና የመርፌ ቀዳዳ ምሳሌ ይገኛል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖሩበት በወሎ፣ ግመል በሁለቱም መጻሕፍት የግዙፍነት ምሳሌ መሆኑ የታወቀ ነው። የአማርኛ ተረትና ምሳሌም ግመልን የሚያየው በዚሁ ዐይን ነው፤ «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ሲባል ሊሸሸግ የማይችል ትልቅነት፣ «ግመሎቹም ይሄዳሉ፣ ውሾቹም ይጮኻሉ» ሲባል ደግሞ በጩኸት የማይበገር ጉዞ ይታያል። በእነዚህ አነጋገሮች ግመል ሲሰበር አይታይም፤ ግመልን የሚያውቅ ሕዝብ በዚህ መልክ እንዲያየው ያደረገው ምን እንደሆነ ለማየት ግመል ሲጫን መመልከት ያስፈልጋል።

ሐብሩ በስተ ምሥራቅ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል፤ ምድሩም ከመርሳ ወደ ምሥራቅ እየቆለቆለ ሄዶ ከአፋር ሜዳ ጋር ይገጥማል። በዚህ መተላለፊያ የደጋና የቆላ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲገበያይ ኖሯል፤ ከአፋር የጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ፣ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለገለው የጨው ጡብ፣ ወደ ደጋ የሚወጣው መጀመሪያ በግመል ጀርባ ነበር። በቆላው ዛሬም ማሽላው፣ አገዳው፣ የማገዶ እንጨቱ በግመል ይጫናል። ግመል ሲጫን በቅድሚያ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል፤ ከዚያም በደረቱ ያርፋል። ጫኞቹ ሁለት ሆነው በሻኛው ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ማዳበሪያው፣ ማለትም እህል የተሞላው ከረጢት፣ በሁለቱም በኩል እኩል እንዲሆን በእጅ እየተመዘነ ይደረደራል፤ መጫኛው በሆዱ ሥር ዞሮ ይጠብቃል። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ከመንገድ መካከል ተፈትቶ እንደገና መጫን ግድ ነውና በዚህ ላይ ማንም አይቸኩልም። እንደ እንስሳው ጉልበትና እንደ መንገዱ ርዝመት ከአንድ ኩንታል ተኩል እስከ ሁለት ኩንታል ይሸከማል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ግመሉ ዝም አይልም። ማዳበሪያ በተጨመረበት ቁጥር አንገቱን ወደ ጫኚው አዙሮ ያጉረመርማል፤ ሲበዛበት ድምፁ ይለወጣል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ደግሞ ቢመታም ቢጎተትም በኋላ እግሩ አይነሣም፤ ተንበርክኮ ይቀራል። እንግዲህ በተፈጥሮ ግመል ጀርባው በገለባ የሚሰበር እንስሳ አይደለም፤ ከመሰበሩ በፊት አልነሣም የሚል፣ ከዚያም በፊት ደጋግሞ የሚናገር እንስሳ ነው። ጀርባው የሚሰበረው የሚጭነው ሰው ድምፁን መስማት ሲተው ነው። የእንግሊዝኛው ፈሊጥ ግመልን በዲዳ እንስሳ መልክ ማቅረቡ ከሩቅ የታየ ሥዕል በመሆኑ ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል። ክብደቷ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ገለባና የሁለት ኩንታል ጭነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ፣ ጆሮ በገለባዋ ትንሽነት ይማረክና ሲያጉረመርም የቆየውን ድምፅ ይዘነጋል።

አማርኛ ለዚህ ሐሳብ የሚሆኑ የራሱ አነጋገሮች አሉት። «የግፉ ጽዋ ሞላ» የሚለው ከቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ የወጣ ሲሆን፣ ከጠብታው ምሳሌ ጋር ይስማማል፤ ትኩረቱም በጠብታዋ ላይ ሳይሆን በጽዋው መሙላት ላይ ነው። «ትዕግሥቱ ተሟጠጠ» የሚለው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ፣ ከሚጨመረው በደል ይልቅ ከሚጎድለው ትዕግሥት በኩል ያየዋል። ሁለቱም ከእንግሊዝኛው የሚሻሉበት ነገር ቢኖር፣ የተከማቸውን ወይም የተመናመነውን ነገር በዓረፍተ ነገሩ መካከል ማስቀመጣቸው ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛም ሆነ ተርጓሚ ይህን ፈሊጥ ሲያገኝ «የግመሉን ጀርባ የሰበረች ገለባ» እያለ ቃል በቃል ከሚያስገባ፣ እንደ ነገሩ አካሄድ «ጽዋው ሞልቶ የፈሰሰው በዚህ ቀን ነው» ወይም «ብዙ ችሎ በዚች ተሰበረ» ቢል አማርኛው አማርኛ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም ሌላ የጭነት እንስሳን ይዞ በደል አድራሹን ስለመሳት የሚናገር ጥሩ ምሳሌ አለ፤ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል። ዳውላ የእህል መስፈሪያ፣ በአህያም የሚጫነው ጭነት ነው፤ ምሳሌው ዋናውን ባለ ጉዳይ መድፈር ሲያቅተው በአጠገቡ ያለውን የሚመታ ሰውን ይወቅሳል። ገለባዋን ከስሳ ጭነቱን የምታልፍ አንደበትም ከዚህ ወቀሳ አታመልጥም።

ይህ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የ1966 ዓ.ም. ታሪክ ያሳያል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዘውዳዊው መንግሥት ውድቀት ሲጽፉ ይህን ፈሊጥ ወይም የእርሱን ዘመድ መጠቀም ይቀናቸዋልና። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የሚገኙ ወታደሮች ስለ ምግብና ስለ ውሃ አምጸዋል፤ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ መከልከላቸው ለዐመጹ ቅርብ ምክንያት ሆኗል። በየካቲት ወር፣ ከአረቦችና ከእስራኤል ጦርነት በኋላ በዓለም ገበያ የነዳጅ ዋጋ በመናሩ የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመዋል፤ መምህራንም የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለውን የመንግሥት ዕቅድ በመቃወም አድማ መትተዋል። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ከሥልጣን ለቋል። ከእነዚህ የትኛው «የመጨረሻዋ ገለባ» እንደነበር መከራከር ይቻላል፤ አንዱ ፓምፑን፣ ሌላው ቤንዚኑን፣ ሌላው ጥናቱን ይጠራል። የሚያሳዝነው ነገር ክርክሩ በዚህ ብቻ ሲወሰን፣ ከሁሉ የከበደው ጭነት በወሎ ገበሬና በአፋር አርብቶ አደር ላይ የነበረው መሆኑ ከነገሩ ዳር ላይ መቅረቱ ነው።

የወሎ ረሃብ ድንገት የመጣ አልነበረም። በ1965 ዓ.ም. የተራበ ሰው በሰሜኑ አውራ ጎዳና ዳር፣ ከወልድያ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ወደ ደሴ በሚወርደው በዚሁ መንገድ ዳር፣ ተሰልፎ ይታይ ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው አሳይተው ነበር። ይህ ሁሉ፣ በግመሉ ምሳሌ ለመናገር፣ የማጉረምረሙ ድምፅ ነው። ዓለም የሰማው ግን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ፊልሙ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀናብሮ በአዲስ ዓመት ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በመጨረሻ ለፖለቲካ ጉዳይ እንደ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። የሞተውን ሕዝብ ለሚያስብ ሰው፣ ያን ምሽት የታየውን ፊልም «የመጨረሻዋ ገለባ» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ጭነቱን በመመዘን በኩል ሁለት ምሁራን ባለ ውለታ ናቸው። አማርትያ ሴን በ1981፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ባሳተመው ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በሚናገረው መጽሐፉ ለወሎ ረሃብ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል እንደነበረ አሳይቷል። የጠፋው እህል ብቻ ሳይሆን የተራበው ሰው እህሉን የሚገዛበት አቅም ነበር፤ ሴን ይህን አቅም፣ ማለትም ሰው ባለው መሬት፣ ከብት፣ ጉልበት ወይም ገንዘብ ምግብ ሊያገኝ የሚችልበትን መብትና ዕድል፣ የነገሩ ሁሉ መፍቻ አድርጎታል። አፋሩ በአዋሽ ሸለቆ ለትላልቅ እርሻዎች በተወሰደው የበጋ ግጦሹ ምክንያት ከብቱ ሲከሳ፣ የከብቱም ዋጋ ከእህል ዋጋ አንጻር ሲወድቅ፣ ድርቁ ከመምጣቱ በፊት ተጭኖ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ከ1958 እስከ 1977፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ያለውን ዘመን ያጠኑበት በ1984 የታተመ መጽሐፋቸው ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ፣ ድርቅ የተፈጥሮ ሲሆን ረሃብ ግን ገበሬውን አቅመ ቢስ አድርጎ ያቆየው ሥርዓት ውጤት እንደሆነ ተከራክረዋል። በዚህ አስተያየት ዝናብ መቅረቱ ገለባ ነው፤ ጭነቱ የመሬቱ ኪራይ፣ ግብሩ፣ ዕዳውና ቀሪ የማይተው አኗኗር ነበር። ዝናብ መቅረቱን ብቻ የሚከስ ሰው ዳውላውን ይመታል።

በወሎ የተለመደው የዕርቅ ሥርዓት ነገሩን በዚህ መልክ ለማየት የሠለጠነ ነው። አበጋር የሚባሉት፣ ይህን ሥራ ከአባት ወደ ልጅ የሚቀበሉ የወሎ አስታራቂዎች፣ በደም የተፈላለጉ ወገኖችን ሲያስታርቁ ስለ መጨረሻው ጠብ ብቻ አይጠይቁም። ከሳሽ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው የቅርቡን ነው፤ በሬው ማሳው ገብቶ ማሽላውን እንደ በላበት፣ በገበያም መካከል ክፉ ቃል እንደ ተናገረው ይዘረዝራል። ሽማግሌው ግን «ይህ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከየት ተነሣ?» ይላል፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው ድንበር፣ ከድንበሩ በፊት ስለቀረው ለቅሶ፣ ከለቅሶው በፊት ስላልተመለሰው ብድር እየተጠየቀ ወደ ሥሩ ይወረዳል። አንዳንዴ ቀኑ መሽቶ በሌላ ቀን ይቀጠራል። ከሳሽ በዚህ ሲሰለች ይታያል፤ ለእርሱ በሬው በቂ ነውና። ሽማግሌው ግን የበሬው ካሳ ተከፍሎ ሌላው ጭነት ባለበት ቢቀር፣ የሚቀጥለው በሬ ወይም የሚቀጥለው ቃል ያንኑ እንደሚሠራ ከልምድ ያውቃል።

የእንግሊዝኛ መምህርም በመርሳ ወይም በወልድያ ክፍል ውስጥ ይህን ፈሊጥ ሲያስተምር ዘዴውን ከዚሁ ሊወስድ ይችላል። ተማሪው ፈሊጡን ይዞ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ከመታዘዙ በፊት፣ ከገለባዋ በፊት የተጫነውን ነገር ሁሉ በተራ በአማርኛም ቢሆን እንዲናገር ቢጠየቅ፣ ፍቺውን ከመሸምደድ አልፎ ያገኘዋል፤ ጭነቱን መቁጠር ያልቻለ ተማሪ ፈሊጡን በተሳሳተ ቦታ እንዳስገባው ወዲያው ይታወቀዋል። የመርሳ ልጅ በዚህ ከለንደን ልጅ ይቀድማል፤ የለንደኑ ልጅ ግመልን በመካነ አራዊት ብቻ ሲያውቀው፣ የመርሳው ግን በገበያ ቀን ሲጫንና ሲራገፍ እያየ አድጓል።

«አራገፈ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል፤ የእንግሊዝኛው ፈሊጥ ያላሰበበት ነውና። በአማርኛ ጭነትም፣ ሐሳብም፣ ኀዘንም ይራገፋል። በቆላው ጫኝ ግመሉ አልነሣም ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው መጫኛውን መፍታት ነው፤ ከግራው አንድ ማዳበሪያ ያወርዳል፣ ሚዛኑ እንዳያጋድል ከቀኙም ሌላ ያወርዳል፣ የወረደውን በአጠገቡ ወዳለው ግመል ያዞራል ወይም ለማግሥቱ ጉዞ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል። ከዚያ መጫኛውን መልሶ ያጠብቅና ከአንገቱ በኩል ቆሞ ይጠራዋል፤ ግመሉም በኋላ እግሩ ይነሣል፣ የፊቱን ያስከትላል፣ መንገዱንም ይይዛል።